ሁለት ቺፕ፣ አንድ ምስል

ሁለት ሰዎች የጤፍ ማሳ ሊያርሙ ወረዱ እንበል። መሐል ለመሐል ገመድ ዘርግተው አንዱ የላይኛውን፣ ሌላው የታችኛውን ያዘ። ስፋቱ እኩል ነው፤ አረሙ ግን ውሃ ወደሚተኛበት ወደ ታች በዝቷል። የላይኛው በጊዜ ጨርሶ ዛፍ ሥር ጋደም ሲል የታችኛው ገና ወገቡን አላቀናም። ማሳው ታረመ የሚባለው ደግሞ ኋለኛው ሲጨርስ ነው።

አንድን ምስል ለሁለት ቺፕ ማካፈልም የሚፈተነው እዚሁ ላይ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ ምስል ውሰዱ፤ 1920 በ1080 ፒክስል። በላይኛው ግማሽ ባዶ ሰማይ አለ፤ በታችኛው ሣር፣ ዛፍ፣ ጥላና ሰው ተጠቅጥቋል። 540ኛው መስመር ላይ ቆረጥነው። ለምሳሌ ያህል ላይኛው ቺፕ በ6 ሚሊሰከንድ ጨርሶ ታችኛው 18 ቢፈጅበት ምስሉ የሚደርሰው በ18 ነው። አንድ ቺፕ ብቻውን ቢሠራው 24 ይፈጅበት ነበር። እንግዲህ በሁለት ቺፕ ዋጋ የተገኘው የአንድ ከሢሶ ፍጥነት ነው። እጥፍ ግን አልሆነም።

በ1998 እ.ኤ.አ. 3ዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቩዱ 2 በተሰኘው የምስል መሣያ ካርዱ ለዚህ ያመጣው መላ ቀላል ነበር። ሁለት ካርዶች በአጭር ሪባን ገመድ ይያያዛሉ፤ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ይሥላል፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት መስመሮች ሥራቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ሰማዩም ሣሩም ለሁለቱም እኩል ይደርሳቸዋል። ማንም መለካት፣ ማንም ማስላት አያስፈልገውም። ለብቻው ከ800 በ600 የማያልፈው ካርድ ጓደኛ ሲያገኝ 1024 በ768 ደረሰ። ዕዳው በካርዶቹ ማህደረ ትውስታ በኩል መጣ። ግድግዳውንና ሣሩን የሚያለብሰውን ሥዕል ሁለቱም ካርዶች ስለሚፈልጉት ያው ሥዕል በሁለቱም ላይ ይገለበጣል፤ ለዚህ ሥራ 12 እና 12 ሜጋባይት ተደምረው 24 አይሆኑም።

ይህ ብልሃት የሚያዋጣው አንዱ ፒክስል የጎረቤቱን ውጤት ሳይጠይቅ የሚሣል ከሆነ ነው። ፎቶ ማለስለስ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በ3 በ3 ማጣሪያ እያንዳንዱ ፒክስል ከዙሪያው ስምንት ጎረቤቶች ጋር አማካይ ይወሰድበታል። መስመሮቹን ተራ በተራ ካደልናቸው የእኔ መስመር ዘወትር በእርስዎ ሁለት መስመሮች መካከል ይወድቃል፤ ስለዚህ ሁለታችንም ሙሉውን ፎቶ ማንበብ ሊኖርብን ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ምስሉን በተያያዘ ሰፊ ቁራጭ ከፍሎ ድንበሩ ላይ ጥቂት መስመሮችን በጋራ መያዝ ይሻላል። ማጣሪያው 31 በ31 ቢሆን ከወሰኑ ማዶ 15 መስመር መዋስ ይበቃል፤ ለ540 መስመር ቁራጭ ይህ ከ3 በመቶ በታች ነው። ያንኑ ምስል 30 መስመር ባላቸው 36 ቁራጮች ብንሸነሽነው ግን መሐል ያለው ቁራጭ 30 ለመሥራት 60 ያነባል። ማሳነስ ሚዛኑን ያቀናል፣ ድንበሩን ያበዛል። ልኩን የሚነግር አንድ ቀመር አለ ብላችሁ አትድከሙ፤ ሞክሮ መለካት ነው።

ቁራጩ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የሰማዩና የሣሩ ጣጣ ይመለሳል። በ2004 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ ሁለት ካርዶችን የማጣመር ሐሳብ ሲያነሣ ካቀረባቸው መንገዶች አንዱ ምስሉ የሚቆረጥበትን ድንበር ራሱን ማንቀሳቀስ ነበር። ምስል ከቀደመው ምስል ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ ያለፈው ጊዜ ማን ስንት እንደፈጀበት ታይቶ የሚቀጥለው መቁረጫ ይወሰናል። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ታችኛው 540 መስመር በ18 ሚሊሰከንድ ከሠራ አንዱ ሚሊሰከንድ 30 መስመር ያወጣል ማለት ነው። መቁረጫውን ከ540 ወደ 720 ዝቅ ብናደርገው 180 መስመር፣ ማለትም የ6 ሚሊሰከንድ ሥራ፣ ወደ ላይኛው ያልፋል፤ ሁለቱም በ12 ይገናኛሉ። ሸክሙ በየመስመሩ እኩል ተሰራጭቷል ብለን ነው እንጂ በእውኑ እንዲህ አይጠጋጋም። እኔ ብሆን መቁረጫውን በአንድ ጊዜ 180 አላዘልለውም፤ ጥቂት ጥቂት አድርጌ እገፋዋለሁ። ካሜራው ድንገት ወደ ሰማይ ቀና ቢል ትናንት የተለካው ዛሬ ያሳስታልና።

ጨርሶ አለመቁረጥም ይቻላል። ኤቲአይ የተባለው ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ሁለት ቺፕ በአንድ ካርድ ላይ ሲያወጣ አንዱ አንደኛውን ምስል፣ ሌላው ሁለተኛውን በሙሉ እንዲይዝ አደረገ። በሰከንድ የሚወጡት ምስሎች ብዛት እጥፍ ይጠጋል። ሆኖም እያንዳንዱ ምስል ያው 24 ሚሊሰከንዱን ይፈጃል፤ በየ12 መድረስ የነበረባቸውም አንዳንዴ በ2 እና በ22 ይመጣሉ። በቁጥር ሲታይ ፈጣን፣ በዓይን ሲታይ የሚንገጫገጭ ይሆናል። ጨዋታ ወዳዶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል።

አንድን የጄፔግ ፎቶ ለሁለት ቺፕ አካፍሎ መክፈት ግን በእነዚህ መንገዶች በቀላሉ የሚሸነፍ አይደለም። ፎቶው በ8 በ8 ፒክስል ካሬዎች ተቆራርጦ ይጨመቃል። የእያንዳንዱ ካሬ አማካይ ብርሃን የሚጻፈው ከእሱ በፊት ከተጻፈው ካሬ ስንት እንደተለየ ተደርጎ ነው፤ ካሬዎቹ የሚጻፉባቸው ኮዶች ርዝመትም የተለያየ ስለሆነ የመሐሉ ካሬ ፋይሉ ውስጥ የት እንደሚጀምር ከመጀመሪያው ሳይነበብ አይታወቅም። የልዩነቱ ቆጠራ እንደገና ከዜሮ የሚጀምርበትን የማስጀመሪያ ምልክት በየመሐሉ ማኖር በደንቡ ይፈቀዳል፤ ምልክቱ ካለ ሁለተኛው ቺፕ እሱን ፈልጎ ከዚያ ይቀጥላል። ፎቶውን ያነሣው ካሜራ ምልክቱን ካልጻፈ አንዱ ቺፕ ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ሌላው ዛፍ ሥር ነው።