በፎገራ ሜዳ ከመጠን ያለፈ ዝናብን መዝግቦ ስለ መያዝ

የወረታ ዙሪያ ገበሬ የ1998 ዓ.ም. ነሐሴን አይረሳውም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባሕር አደረጉት፤ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ጎርፉን የሚያመጣው ሜዳው ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻ አይደለም። በጉና ተራራ የወረደው ዶፍ በሁለቱ ወንዞች ይደርሳል፤ ዋልካው መሬት ደግሞ አንዴ ከራሰ ውሃ አያሰርግም።

ስለዚህ የወር አማካይ ብቻውን ያሳስታል። 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአሥር ቀን ተከፋፍሎ ቢጥል ለሩዝ መልካም ነው፤ በአንድ ሌሊት ቢወርድ ግን በአንድ ሄክታር ላይ 600,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሩዝ ውሃ ይወዳል የሚባለው እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ነው። ቅጠሉ ጭምር ተውጦ ከሳምንት በላይ ከቆየ አብዛኛው ዝርያ ይበሰብሳል።

የልማት ሠራተኛው በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት የዝናብ መለኪያውን አንብቦ ይመዝግብ። ማኅበሩም ጎርፉ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ የደረሰበትን ከፍታ በቀለም ያስምር፤ ዓመተ ምሕረቱንም ይጻፍበት። ዘር ከዚያ መስመር በላይ በቆጥ ላይ ይቀመጥ። ውሃው እንደሸሸ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራ። ጓያም ይበቅላል፤ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳልና ሽምብራን እናስቀድማለን።