ስለ ኢሜይል ማረጋገጫና ስለ ጉድለቱ

በዛሬው ጊዜ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣም ሆነ ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ፥ በልዩ ልዩ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ሳይከፍት ሥራውን ማካሄድ ይቸግረዋል። ዋጋ የሚጠየቀው፥ ትእዛዝ የሚሰጠው፥ ጭነቱ የት እንደ ደረሰ የሚታወቀው በዚሁ ነው። አካውንቱ ሲከፈት ድረ ገጹ በኢሜይል አንዲት ደብዳቤ ልኮ አድራሻው የእኛ መሆኑን እንድናረጋግጥ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ይህችን ደብዳቤ እንደ ተራ ሥርዓት ቈጥረን ሳናነባት ተጭነናት እናልፋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደብዳቤዋ ምን እንደምታረጋግጥና ምን እንደማታረጋግጥ በተቻለ መጠን ማስረዳት ነው።

ነገሩን ከፖስታ ሣጥን ጋር ማመዛዘን ይቻላል። አንድ ሰው ወደ ሣጥናችን የተላከውን ደብዳቤ ይዞ ቢመጣ፥ የሚታወቀው የሣጥኑ ቁልፍ በእጁ መግባቱ ብቻ ነው። የንግድ ቤቱ ባለቤት ይሁን፥ ተላላኪ ይሁን፥ ወይም ቁልፉን አስቀርጾ የያዘ ሌላ ሰው ይሁን ደብዳቤው አይናገርም። የኢሜይል ማረጋገጫም ከዚህ አይበልጥም፤ በዚያች ሰዓት ሣጥኑን ከፍቶ ያነበበ ሰው መኖሩን ያስረዳል እንጂ ማንነቱን አያስረዳም። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፥ ኢሜይል አንድ የታወቀ መሣሪያ በሰውየው እጅ መኖሩን ስለማያስረዳ፥ የሚስጥር ቊጥር እየተላከበት ሰውን ለመለየት እንዳያገለግል የከለከለው ስለዚህ ነው።

ይህች ደካማ ማረጋገጫ እንኳ ሳትፈጸም አካውንቱን የሚከፍቱ ድረ ገጾች አሉ። እኔ በምሠራበት ንግድ ቤት የደረሰውን ልናገር። ከአንድ የውጭ አገር አቅራቢ ዘንድ አካውንት ልከፍት ብሞክር፥ በአድራሻችን ቀድሞ የተከፈተ አካውንት አለ የሚል መልስ መጣልኝ። ከሠራተኞቻችን አንዱ ከፍቶት ይሆናል ብዬ፥ የይለፍ ቃሉ እንደ ተረሳ አድርጌ ዐዲስ ቃል አወጣሁና ገባሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ትእዛዛችንን ስናካሂድበት ከቈየን በኋላ፥ በመዝገቡ ላይ ከእኛ ማንም የማያውቀው የስልክ ቊጥር ከአድራሻችን ጋር ተጽፎ አገኘሁ። ቊጥሩን ሠረዝሁት፤ ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ዋጋችንን ያየብን ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ ልናውቅ አልቻልንም።

ይህ ተንኰል በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። አቪናሽ ሱዶዳናንና አንድሩ ፓቨርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት 75 የታወቁ ድረ ገጾችን መርምረው፥ ከእነዚሁ ቢያንስ 35ቱ ለዚህ ዓይነት ጥቃት የተጋለጡ ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ ድሮፕቦክስ፥ ኢንስታግራም፥ ሊንክድኢንና ዙም ሳይቀሩ። ጉድለቱንም ለየባለቤቶቹ አስታውቀዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተንኰለኛው ነጋዴው ገና ወዳልገባበት ድረ ገጽ ቀድሞ ሄዶ፥ በነጋዴው ኢሜይል አካውንት ይከፍትና ይጠብቃል። ባለአድራሻው አንድ ቀን መጥቶ የይለፍ ቃሉን ሲለውጥ ቤቱን የተረከበ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ድረ ገጹ ቀድሞ የገባውን ካላስወጣ፥ ተንኰለኛው ከውስጥ እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ወይም ስልኩን ወይም ሁለተኛ ኢሜይሉን አስቀድሞ አስመዝግቦ በኋላ በእርሱ ይመለሳል። ወይም አድራሻውን ወደ ራሱ ለመለወጥ ጥያቄ አቅርቦ፥ የማረጋገጫውን ሊንክ ሳይጫን ያቈየዋል፤ ባለቤቱ ገንዘቡንና ትእዛዙን ካስገባ በኋላ ይጫነዋል። ባለቤቱ በጉግል በኩል ሲገባ ሁለቱን አካውንት አንድ አድርጎ የሚያዋህድ ድረ ገጽም አለ፤ በዚህ ጊዜ አንዱን ሱቅ ሁለት ሰዎች በሁለት ቁልፍ ይከፍቱታል ማለት ነው።

እንግዲህ ያልጠየቅነው የማረጋገጫ ደብዳቤ ሲደርሰን፥ ነገሩ እንዲያልቅልን ብለን መጫን አይገባም። ስንጫን ሌላው ሰው የከፈተውን በእጃችን እናጸድቅለታለን።

ሌላው ጉድለት የአድራሻው ባለቤት መለዋወጥ ነው። በብዙ ንግድ ቤት አድራሻው በጸሐፊው ስም የተከፈተ ነው፤ ጸሐፊው ሥራ ሲለቅ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። (እኔም ጸሐፊ ነኝና ይህን የምጽፈው ባልንጀሮቼን ለማማት አይደለም።) ያሁ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013፥ ዓመት ሙሉ ያልተከፈቱ አድራሻዎችን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። የራሱን ዶሜይን የገዛ ንግድ ቤትም ዓመታዊ ክፍያውን ረስቶ ቢያሳልፍ፥ ስሙን ሌላ ሰው ሊገዛውና በዚያ ስም የሚላከውን ደብዳቤ ሁሉ ሊቀበል ይችላል። የይለፍ ቃል ማደሻ ደብዳቤም ከዚያው ውስጥ ነው።

ደንበኞቹን በድረ ገጽ የሚያስተናግድ ነጋዴ፥ ሠሪውን እነዚህን ነገሮች አጥብቆ ይጠይቀው፦ አድራሻው ሳይረጋገጥ አካውንቱ አንዳች ሥራ እንዳይሠራ፤ ሊንኩ ለአንድ ጊዜ ብቻና ለጥቂት ሰዓት እንዲያገለግል፤ የይለፍ ቃል ሲለወጥ ቀድሞ የገባ ሁሉ እንዲወጣና ያላለቀ የአድራሻ ለውጥ እንዲሠረዝ፤ አድራሻ ሲለወጥም ወደ ቀድሞው አድራሻ ማስታወቂያ እንዲላክ።

ደንበኛ ሆኖ ለሚገባው ደግሞ፥ በአድራሻው የተከፈተ አካውንት አለ የሚል መልስ ሲያጋጥመው፥ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት የተመዘገበውን ስልክና ሁለተኛ ኢሜይል ይመልከት፤ ከሁሉም መሣሪያ የሚያስወጣውን ትእዛዝ ፈልጎ ይጫን። የሚያጠራጥር ነገር ካገኘም የአቅራቢውን መሥሪያ ቤት በስልክ ጠይቆ አካውንቱን ያስዘጋና በዐዲስ ይክፈት። እኛ ከዚያ ወዲህ የትኛው አካውንት በማን አድራሻና ስልክ እንደ ተከፈተ የምንጽፍበት ደብተር አዘጋጅተናል፤ ሠራተኛ ሲለቅም ከርክክቡ ጋር አብሮ ይፈረምበታል።