ስንዴና ገብስ ለማይስማማው ተማሪ የሚዘጋጅ ምሳ

መግቢያ

ስንዴና ገብስ ለአብዛኛው ሰው ጠቃሚ ምግቦች ናቸው። ሴሊያክ የተባለው በሽታ ላለበት ልጅ ግን ጎጂ ናቸው። ጉዳቱን የሚያመጣው በስንዴ፣ በገብስና በትሪቲካሌ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህም የትንሹን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ስለሚጎዳ ልጁ የበላው በሚገባ ለሰውነቱ አይደርስም። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስና የእድገት መቀጨጭ ይከተላሉ።

እነዚህ ምልክቶች የሌላ በሽታም ሊሆኑ ይችላሉ። ስለሆነም ወላጆች እህሎቹን ከመከልከላቸው በፊት ልጁን ለሐኪም እንዲያሳዩ መምከር ይገባል። ምርመራው አስተማማኝ የሚሆነው ልጁ እህሎቹን መብላት ሳያቋርጥ ሲደረግ ነው። በሽታው ከተረጋገጠ ግን እህሎቹን ዕድሜ ልክ መተው ግዴታ ነው።

1. ተስማሚ እህሎች

ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ሩዝ ይህ ግሉተን የለባቸውም። ይሁን እንጂ ጤፍ ሲወደድ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ትሪቲካሌ መቀላቀል የተለመደ ስለሆነ ከገበያ የተገዛ እንጀራ ለልጁ አይሰጥ።

2. ከወፍጮ እስከ ምጣድ

ሀ/ በወፍጮ ቤት፦ ስንዴ ከተፈጨ በኋላ በወፍጮው ውስጥ የሚቀረው ዱቄት ጤፉን ይበክላል። ማኅበራት ከተቻላቸው አንዱን ወፍጮ ለጤፍ ብቻ ቢመድቡ እንመርጣለን። ካልተቻለም ወፍጮው ተጠርጎ የልጁ ጤፍ ጧት ከሌላው እህል በፊት ይፈጭ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት ለቀሪው ቤተሰብ ይሁን። ለሽሮና ለበርበሬም ይኸው ጥንቃቄ ይደረግ።

ለ/ በቤት፦ ገብስ ከገባበት ሊጥ የተወሰደ እርሾ አይጨመር። ቡሃቃው፣ ማሰሻውና ሰፌዱ ለብቻ ይሁኑ። ምጣዱ አንድ ከሆነ በደንብ ተጠርጎ የልጁ እንጀራ ይቅደም።

3. የሳምንት ምሳ

ሰኞ፦ የጤፍ እንጀራ በምስር ወጥ፣ ብርቱካን
ማክሰኞ፦ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ሙዝ (በጾም በእንቁላሉ ፈንታ የተቀቀለ ሽምብራ)
ረቡዕ፦ የጤፍ እንጀራ በሽሮና በጎመን
ሐሙስ፦ ሩዝ በምስርና በካሮት
ዓርብ፦ የበቆሎ ቂጣ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ሙዝ

በሶ፣ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፓስታና የስንዴ ቂንጬ በምሳ ዕቃው አይገቡም።

4. በትምህርት ቤት

ልጆች አብረው መብላትና መጎራረስ ልማዳቸው ነው። ከጓደኛ እጅ የሚመጣ አንድ ጉርሻ ግን የእናቲቱን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ልጁን ለብቻው ማስቀመጥ መፍትሔ አይሆንም። መምህሩ ጉዳዩን አውቆ ለተማሪዎቹ ያስረዳ፤ ልጁም ለጓደኞቹ ከራሱ ምሳ እንዲያጎርስ ትንሽ ተጨምሮ ይቋጠርለት።

ማሳሰቢያ፦ የልማት ሠራተኞች ይህንን ትምህርት ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ለወፍጮ ቤት ሠራተኞችም እንዲሰጡ አደራ እንላለን።