ባዶ ነው ያልከው መንገድ

ለእህቴ ልጅ፣

ባለፈው እሑድ ቡና እየተጠጣ «ሌሊት ከመገናኛ አያት በ5 ደቂቃ ገባሁ» ስትል ሰማሁህ። እናትህ ሳቀች፤ ትንሹ ወንድምህ አፉን ከፍቶ አየህ። እኔ ዝም ያልኩት በሰው ፊት ላሳፍርህ ስላልፈለግሁ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት መሪ ጨብጬ እንጀራ በልቻለሁ፤ መጀመሪያ በኤንትሬ አሰብ፣ ከ1990 በኋላ ደግሞ በተሳቢ ጅቡቲ። ቤቴ ገብቼ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። ከመገናኛ አያት ስምንት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ5 ደቂቃ ከገባህ አማካይ ፍጥነትህ መቶ ነበር። አማካይ ሲባል ደግሞ አደባባይ ላይ ያቀዘቀዝከውም ተደምሮ ነውና የሆነ ቦታ 120 ደርሰሃል ማለት ነው። በ60 ብትነዳ ኖሮ ዘጠኝ ደቂቃ ቢፈጅብህ ነው። አራት ደቂቃ አተረፍክ። አራቷን ደቂቃ ምን እንዳደረግህባት አውቃለሁ፤ በር ላይ ቆመህ ክላክስ እያሰማህ ዘበኛው ከእንቅልፉ እስኪነሣ ጠበቅህ።

የምጽፍልህ ራይድ መሥራት ከጀመርክ ወዲህ ሥራህ የሌሊትና የበዓል ስለሆነ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ሜክሲኮ ላይ ቆሞ ለሚውል ሰው ስለ ፍጥነት ብመክር ይስቅብኛል።

1. ባዶ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ያለው ከመኪና ባዶ የሆነ መንገድ ነው፤ መኪናው ሲወጣለት ሌላው ይገባበታል። የሰፈራችሁን አስፋልት በበዓል ጠዋት አስበው። ሌላ ቀን ዳር ዳሩን ይዞ በፍርሃት የሚሄደው ሰው መሐሉን ይዞታል። ልጆች በሁለት ድንጋይ ጎል ሠርተው ኳስ ይጫወታሉ። አንዱ በግ ይጎትታል፤ በጉ አልሄድም ብሎ አስፋልቱ መሐል እግሩን ተክሏል። በፋሲካ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቅዳሴ ወጥተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ እናቶች ከእግረኛ መንገዱ ወርደው በአስፋልቱ ይሄዳሉ፤ ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ አለ ብለው ስለሚፈሩ ነው፤ ፍርሃታቸውም ልክ ነው። ወደ ሰንዳፋና ወደ ሱሉልታ ጎሕ ሲቀድ ብትወጣ ደግሞ አትሌቶቻችንን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ሲሮጡ ታገኛቸዋለህ።

እነዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የወጡት አንተ ነዳጅ በረገጥክበት በዚያው ምክንያት ነው። አንተ «መኪና የለም» ብለህ ትከንፋለህ፤ እግረኛዋም «መኪና የለም» ብላ ግራ ቀኝ ሳታይ ትገባለች። ሁለታችሁም የተማመናችሁት በአንድ ጸጥታ ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት እግረኛው ይፈራሃል፣ አንተም ትፈራዋለህ፤ ሁለት ፍርሃት አለ። በበዓል ጠዋት ሁለቱም የሉም።

2. ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ በዚያች ዲኤክስ ኮሮላዬ ታላቅ እህቴ ቤት ለመድረስ እቸኩል ነበር። ዶሮው ሳይቀዘቅዝ ልድረስ ነው ችኮላው፤ ሌላ ምንም አልነበረም። አስፋልቱ ሌሊት በዘነበው ዝናብ ታጥቦ፣ ፀሐይ ወጥታበት ደርቋል፤ መኪና አይታይም። ቆጣሪው 80 ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ አውቄም ተውኩት። ዳር ከቆመች ሚኒባስ ጀርባ ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ የሐበሻ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው አደይ አበባ ይዛ፣ ከማዶ ወዳለው ግቢ ሮጠች።

ፍሬኑን በሁለት እግሬ ነው የረገጥኩት። ጎማው እየጮኸ፣ የጎማ ጢስ በመስኮት እየገባ፣ መኪናዋ ወደ ግራ እየተንሸራተተች ሄደች፤ ስትቆም በመከላከያውና በልጅቷ ጉልበት መካከል አንድ ክንድ ቢቀር ነው። አበባው ከእጇ አምልጦ ግማሹ ቦኔቱ ላይ ተበትኗል። ለአፍታ ደርቃ ቆመች። ጓደኞቿ ከኋላ ደረሱ። ከዚያ አበባዋን ከቦኔቱ ላይ አንድ በአንድ ለቀመችና በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ «ጋሼ፣ እንዝፈንልዎት?» አለችኝ።

መልስ መስጠት አልቻልኩም። ዝም ማለቴን እሺታ አድርገውት መኪናዬ ፊት ተሰልፈው አበባዮሽን ጀመሩ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቻለሁ፤ እጄ ኪሴን ማግኘት አቃተው። ያገኘሁትን መቶ ብር ስሰጣት ጓደኞቿን አየችና «መልስ የለንም» አለች። ማታ ያለ መኪና በእግሬ ተመልሼ ጎማው አስፋልቱ ላይ የጣለውን ጥቁር መስመር ለካሁት፤ ሃምሳ እርምጃ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም። ይኸው አሁን ለአንተ ተናገርኩ።

3. ሒሳቡን አንድ ጊዜ ብቻ ልንገርህ። በ50 ስትሄድ በየሰከንዱ 14 ሜትር ትሄዳለህ፤ በ100 ደግሞ 28። ዓይንህ አይቶ፣ እግርህ ከነዳጅ ተነሥቶ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያልፋል፤ በዚያች ሰከንድ መኪናዋ ገና ምንም አልሰማችም። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ጎማ፣ በ50 የነበረችው ሌላ 14 ሜትር ያህል ሄዳ ትቆማለች። በ100 የነበረችውስ? እጥፍ እንዳይመስልህ፤ አራት እጥፍ ነው፣ 56 ሜትር። ከሰከንዷ ጋር ሲደመር 84። አጭሩ መብራትህ በሌሊት ደኅና አድርጎ የሚያሳይህ ደግሞ ከ50 ሜትር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በ100 ስትበር ያየኸውን ነገር መግጨትህ ካየኸው በፊት ተወስኗል። ጎበዝ ሾፌር ነኝ ማለት እዚህ ቦታ ላይ ምንም አይሠራም፤ ክብደት ጎበዝና ሰነፍ አይለይም። ጎማህ ያለቀ ከሆነ፣ ወይም የበልግ የመጀመሪያው ካፊያ አቧራውንና ዘይቱን ለውሶ አስፋልቱን ሳሙና ካደረገው፣ ቁጥሮቹን እርሳቸው፤ ከዚያ ይብሳሉ።

4. ሌሊት ድንጋይ ጠብቅ። የተበላሸ መኪና ሾፌር ከኋላው ቅርንጫፍ ይዘረጋል፣ ድንጋይ ይደረድራል። ጠግኖ ሲሄድ ቅርንጫፉንም ድንጋዩንም እዚያው ጥሎ የሚሄድ አለ። በወጣትነቴ እኔም ጥዬ ሄጃለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ክፍለ ሀገር ከወጣህ ደግሞ አፋር መንገድ ላይ፣ ሚሌና ሎጊያ አካባቢ፣ አስፋልቱ እንደ ክር ቀጥ ይልና እግርህ ሳታዝዘው ይከብዳል። ግመል ከዚያ ጨለማ ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ ነው የምትወጣው። እግሯ ረጅም ስለሆነ ትንሽ መኪና እግሯን ሲመታ ሰውነቷ የሚወድቀው መስታወቱ ላይ፣ ማለትም አንተ ላይ ነው። እኛ ከፍ ባለ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠን እንፈራት ነበር።

5. ትራፊክ ፖሊስ ሲኖር ብቻ ቀስ የሚል ሾፌር ነጂው ትራፊኩ ነው።

6. የምትረግመው መጨናነቅ ውለታ እንደዋለልህ እወቅ። ፊትህ ያለው ሚኒባስ፣ ጎንህ የሚሽሎከለከው ባጃጅ፣ መብራቱ፣ ሁሉም በአንተ ፈንታ ፍሬን ይዘውልሃል። ሲነሡ ፍሬኑ ሁሉ አንተ እግር ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ያ እግር የራሱ እንደነበረ ረስቶታል። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና የግል መኪና በሙሉና በጎዶሎ ታርጋ በፈረቃ ሲሆን፣ እኔ ቀለበት መንገዱ አጠገብ ቤቴ ተዘግቼ ነበር። ቀን ጭር ይላል። ሌሊት ግን አንድ መኪና ብቻዋን እየጮኸች ስትመጣ ከሩቅ ትሰማታለህ፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ ኩርባውን እስክታልፍ እቆጥራለሁ። ሜሪላንድ ያለችው እህትህ ያን ሰሞን ስትደውል «ሀይዌዩ ባዶ ነው፤ እኔ ግን እንደዚህ ፈርቼ ነድቼ አላውቅም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የተነዳው ርቀት ከ2019 በ11 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ በመኪና አደጋ የሞተው ሰው ግን 7 በመቶ ያህል ጨምሮ 39 ሺህ ያህል ደረሰ። መኪና ሲቀንስ ሞት ጨመረ። እኔ ይህን ስሰማ ዓለም የተገለበጠች መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳስበው የዚያች የእንቁጣጣሽ ጠዋት ነገር ነው። የእኛም ከተማ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ ደምቆ፣ ዳሩ ተውቧል፤ ደስ ይላል። ሰፊና ለስላሳ መንገድ ግን «ና፣ ርገጥ» የሚል ነገር አለው፤ አትስማው።

7. ጭር ባለ መንገድ ስትወድቅ የሚያነሣህም የለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገልብጣ ውስጧ ቀረ። ስሙን ያነሣሁት ስለ ፍጥነት ላወራበት አይደለም፤ ከመኪናው የወጣው በማግስቱ ጠዋት መሆኑን እንድታስብ ነው። ሮምንና ቶኪዮን በእግሩ ያሸነፈ ሰው ከዚያ ሌሊት በኋላ አልተራመደም፤ ከአራት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላም፣ በ41 ዓመቱ፣ አረፈ። ቀን መርካቶ ብትጋጭ ሃያ ሰው ይከብሃል፤ ግማሹ ይጮኻል፣ ግማሹ ጎትቶ ያወጣሃል፣ አንዱ ስልክህን ሊያነሣ ይችላል፣ ግን ሰው አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን አለህ? የገጨኸውስ ሰው ማን አለው? ሌሊት ሰው ገጭተው ጥለው የሚሄዱት «ያየኝ የለም» ብለው ነው። ከጀመርኩት አይቀር ልናገር፦ እንደዚያ አድርጎ መንዳቱን የቀጠለ አንድ ባልደረባ ነበረኝ፤ ከዚያ ወዲህ አብሬው ሻይ አልጠጣሁም።

8. ገላህን አትመን፣ ቆጣሪውን እይ። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዳማ ፈጣን መንገድ ለ120 የተሠራ ነው፤ ታጥሯል፣ በግ አይገባበትም፣ በየአቅጣጫው ሦስት ረድፍ አለው። እዚያ ላይ በተፈቀደልህ ልክ ብትሄድ ቃል አይወጣኝም። ክፉው ነገር የሚመጣው ቱሉ ዲምቱ ከፍለህ ከወጣህ በኋላ ነው። ረጅም ጊዜ በዚያ ፍጥነት የተቀመጠ ሰውነት 80 ላይ ሲወርድ የቆመ ይመስለዋል። አቃቂ ላይ አህያ፣ ጋሪ፣ ከፋብሪካ የሚወጣ ሠራተኛ አለ፤ አንተ ግን ገና አዳማ መንገድ ላይ ነህ። እኔ ከረጅም መንገድ ከተማ ስገባ ለአምስት ደቂቃ አቁሜ ፊቴን እታጠብ ነበር። ረዳቶቼ ንጽሕና መስሏቸው ይስቁብኝ ነበር።

9. ከኋላ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ቀስ በል» ካሉህ «ችግር የለም፣ እማማ፣ መንገዱ ባዶ ነው» አትበላቸው። ቀንስ። ኮከብ ቢቀንሱብህ ይቀንሱ። ተሳፋሪ የሌለህ ጊዜ ግን የሚናገርህ የለምና ይበልጥ የምፈራልህ ያኔ ነው።

ደብዳቤው ረዘመ፤ ባለቤቴም መብራት አጥፋ እያለችኝ ነው። እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ እኛ ጋ ቁርስ መብላትህ አይቀርም። የዘንድሮው ዶሮ ሞቅ ብሎ እስከ 5 ሰዓት ይቆይሃል፤ ነግሬያታለሁ። ስትመጣ በዋናው አስፋልት ና፤ ዝርዝር ብርም ያዝ፤ ልጆቹ መልስ የላቸውም።