«ይሻላል» እና «ይበልጣል»



በእረፍት ሰዓት ስትከራከሩ እሰማለሁ። ክፍል ውስጥ አማርኛ ሲናገር የቆየው ልጅ ሁሉ፣ ወሬው ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ላይ ሲደርስ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ወሬ የሚጥመው ደግሞ ክርክር ሲገባበት ነው፤ እዚያ ላይ አማርኛው ከጠፋ ምን ቀረን? ስለዚህ ዛሬ በአማርኛ መከራከር እንማራለን።

መጀመሪያ «ከ»ን እንያት። «ከ» የምትለጠፈው በሚበለጠው ላይ ነው። «ኤክስቦክስ ከፕሌይስቴሽን ይሻላል» ስትሉ የተሸነፈው ፕሌይስቴሽን ነው። ቦታ አለዋውጣችሁ «ከፕሌይስቴሽን ኤክስቦክስ ይሻላል» ብትሉም ያው ነው። ባለፈው አንድ ተማሪ «ከ»ን በራሱ ወገን ላይ ለጥፎ፣ ሳያውቀው ለባላጋራው ፈረደለት!

«ይበልጣል» እና «ይሻላል» ደግሞ አንድ አይደሉም። «ይበልጣል» ያለ ሰው «በምን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በዋጋ፣ በብዛት፣ በዕድሜ። አብዛኛውን ጊዜ ተቆጥሮ ይታወቃል። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ግን ወደ 24 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ፕሌይስቴሽን 2 በሽያጭ ይበልጣል፤ አለቀ። (የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር ሳገኝ ደስ ይለኛል።) «ይሻላል ወይ?» ከተባለ ግን ቁጥሩ መልስ አይሆንም። አንዱ ልጅ «ለእኔ ኤክስቦክስ ይሻለኛል፤ ምክንያቱም ከአክስቴ ልጆች ጋር የምጫወተው በሱ ነው» ቢል ማን ተሳስተሃል ይለዋል? «ለእኔ»፣ «ይመስለኛል»፣ «ምክንያቱም» የሚሉትን ቃላት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ወላጆች፣ የሚቀጥለው ለእናንተም ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 2025 (ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.) ፋሲካ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ አሌጂያንት ስታዲየም፣ የሬስልማኒያ 41 ሁለተኛው ምሽት ነበር። ጆን ሲና ኮዲ ሮድስን በቀበቶው መትቶ አሸነፈና 17ኛ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ወሰደ፤ ከሪክ ፍሌር 16 በለጠ ማለት ነው። ልጆቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ ገሚሱ «አጭበርብሮ ነው» ሲል ገሚሱ «ሪከርድ ሪከርድ ነው» አለ። በስንት ቤት ይሆን አባት ዶሮውን እየበላ «ተዉት፣ ሁሉም ውሸት ነው!» ብሎ ወሬውን የዘጋው?

እርግጥ አሸናፊው አስቀድሞ ይወሰናል። ኩባንያው ራሱ በ1989 ለኒው ጀርሲ ሴኔት «መዝናኛ ነው» ብሎ አምኗል። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። እናንተስ ሀገር ፍቅር ቴአትር ተቀምጣችሁ፣ ተዋናዩ ሲሞት «ውሸት ነው» ብላችሁ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ውሸት የሚባለው ሰው ለማታለል ሲነገር ነው። ይሄኛው «ትርኢት» ይባላል። ከገመድ ላይ ዘሎ የሚወድቀው ሰውዬ ወገብ ደግሞ የምር ነው የሚያመው።

የቤት ሥራ፦ ድሮ አገራችን ባለጉዳዮች ዳኛ ፊት ቆመው «ተጠየቅ!» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። እናንተም እቤት ዳኛ ሰይሙ፤ አያት ካሉ እሳቸው ይሁኑ። ከዚያ ስለምትወዱት ተፋላሚ ወይም የጌም ማሽን ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ አንዱ «ይሻላል»፣ አንዱ «ይበልጣል»፣ አንዱ «ምክንያቱም» ይኑረው። ከወላጆች በኩል «ውሸት ነው» የሚል መልስ ነጥብ የለውም።