የመሬት መንቀጥቀጥ፤ ወሬው፣ እውነቱና የመማሪያ ክፍላችን

የመሬት መንቀጥቀጥ ማለት በምድር ቅርፊት ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲወጠር የኖረ ዓለት ድንገት ተሰንጥቆ ሲንሸራተት የሚፈጠር ንዝረት ነው። ሽማግሌዎች ቁጣ ነው ይላሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር ክርክር አልገጥምም፤ ክፍል ውስጥ ግን ማስተማር ያለብን ይህን ነው።

በአገራችን ውጥረቱ የሚበዛው በስምጥ ሸለቆና በአፋር ዝቅተኛ ምድር ነው። እኛ ያለንበት ጋይንት ደጋው ላይ ስለሆነ ከዚያ ራቅ ይላል። ጉናም የጥንት እሳተ ገሞራ ቢሆንም ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት አልፈውታል። ሆኖም ከወልድያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት የዚሁ ስምጥ ዳርቻ ነውና «እኛን አይነካንም» ብሎ መተኛት አይገባም። ደግሞስ ከመካከላችን ማን የት እንደሚመደብ ማን ያውቃል?

በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ሰርዶ ፈረሰች። በቅርቡም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ቅልጥ ዓለት ከሥር ሰርጎ ስለገባ ምድሪቱ ለወራት ስትናጥ ከረመች። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው በመለኪያ 6.0 ነበር። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ በተደጋጋሚ ተሰምቷል፤ በአፋርና በኦሮሚያም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ታዲያ በየስልኩ «ዛሬ ሌሊት በስምንት ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚል ወሬ ይዞራል። ይህን ለመመርመር ብዙ መድከም አያስፈልግም። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንቲስት በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ ሰዓት የቆረጠ ወሬ፣ የማንም ስም ቢለጠፍበት፣ ሐሰት ነው። ባለሙያ ሊናገር የሚችለው በየትኛው አካባቢ ስጋቱ እንደሚበዛ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የትና በምን ያህል መጠን እንደነበር በመሣሪያ ለክቶ ያስታውቃል። በአገራችን ይህን የሚከታተለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅትም የዓለምን ሁሉ ይመዘግባል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰውን አንዱ መዝጋቢ 5.7፣ ሌላው 5.8 ብሎታል። ይህ ውሸት አይደለም፤ የጣቢያዎቹና የስሌቱ ልዩነት ነው። ነገር ግን 5 እና 6 ተቀራራቢ ናቸው ብሎ የሚያስብ ተማሪ ካለ ይታረም፤ አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

አሁን ወደ ክፍላችን እንምጣ። ስልሳ ልጅ በአንዲት በር ልውጣ ሲል የሚደርሰው መረጋገጥ ከንዝረቱ ይብሳል። ስለዚህ መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከዴስክ ሥር!» ይበል። ልጆቹ ተንበርክከው ጭንቅላታቸውንና አንገታቸውን ይሸፍኑ፣ የዴስኩንም እግር አጥብቀው ይያዙ፤ ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ይራቁ። ክፍሉ በጭቃና በድንጋይ የተሠራ ከሆነ፣ በሩ አጠገብ ያለና ከፊቱ ሜዳ ያለው ልጅ ቶሎ ሊወጣ ይችላል፤ ከኋላ ያለው ግን መጋፋት የለበትም። ዳስ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ከዚህ ስጋት ነፃ ነው ማለት ይቻላል፣ ከዝናቡ ባይድንም።

ውጭ የተገኘ ሰው ከግድግዳ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ከትልልቅ ዛፍ ይራቅ። በእኛ አገር ደግሞ ከሁሉ የሚያሰጋው ገደሉ ነው። በስማዳና በእስቴ ተረተር ሥር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ድንጋይ ሊናድበት ስለሚችል ወደ ሜዳው መሸሽ እንዳለበት ከአሁኑ ሊነገረው ይገባል። ቤት ውስጥ ያለም ንዝረቱ እንዳቆመ የምድጃውን እሳትና ኩራዙን ያጥፋ።

ንዝረቱ ሲያቆም ተማሪዎቹ በሰልፍ ወጥተው በስም ይቆጠሩ። ተከታይ ንዝረት ስለሚኖርና የተሰነጠቀ ግድግዳ በትንሹም ስለሚወድቅ ማንም ተመልሶ አይግባ። ደብተሬን ረሳሁ የሚል ልጅ አይጠፋምና መምህሩ ከግድግዳው ራቅ ብሎ በሩን ትይዩ ይቁም።