ሆዴ፣ የካርቱን ሥዕል ከመግዛትሽ በፊት

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ። እዚህ ሪያድ የካርቱን ጣቢያውን ስፔስቱንን ከፍተሽ ካፒቴን ማጂድን እያየሽ አድገሻል፤ ዓድናንና ሊና ሲጀምር የሚጠራሽ ሰው ድምፅ እንኳ አይሰማሽም ነበር። አሁን የራስሽን ደሞዝ ይዘሽ፣ እነዚያ ፊልሞች ሲሠሩ በእጅ ከተሳሉት ሥዕሎች አንዱ የኔ ይሁን ብትዪ ደስ ይለኛል እንጂ አልከለክልሽም። ብቻ ሪያሉን ከመላክሽ በፊት ይህን ያዢልኝ።

መጀመሪያ ሻጩን፣ ሥዕሉ የወጣው ከየትኛው የሥራ ደረጃ እንደሆነ ጠይቂው። በእጅ የሚሠራ ፊልም በስቶሪቦርድ ይነደፋል። ከዚያ ዋናው ሠዓሊ ቁልፍ የሆኑትን እንቅስቃሴዎች በእርሳስ ያወጣል፤ ጃፓኖቹ ጌንጋ ይሉታል። በመካከል ያሉትን ረዳቶቹ ይሞላሉ፤ ያ ዶውጋ ነው። ድሮ መስመሩ ሴል በሚባል ግልጽ ላስቲክ ላይ ይገለበጥና ከጀርባው ቀለም ይቀባ ነበር፤ ከዚያ በተሳለ መልክዓ ምድር ላይ ተነጥፎ በካሜራ ይነሳ ነበር። በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል፤ አንዱ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ምስል ስለሚቆይ ለአንዲት ሰከንድ 12 ወይም 8 ሥዕል ያስፈልጋል። አንቺ የምትገዢው ከነዚያ አንዱን ነው። ሻጩ ደረጃውን መለየት ካልቻለ አመስግነሽ ተዪው።

ከዚያ ጠርዙን እዪ። ወረቀቱ ማሠሪያ ቀዳዳዎች አሉት፦ የመሃሉ ክብ፣ የዳርና የዳሩ ሞላላ። የጃፓን ሴል ከሆነ ጥጉ ላይ የላቲን ፊደልና ቁጥር ታገኛለሽ። ለሽያጭ ተብሎ የተሠራውም ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል በዚህ ብቻ አትርኪ፤ ፊልሙን ክፈቺና እያቆምሽ ያንን ቅጽበት ራስሽ ፈልጊው። የእጁ አቀማመጥ፣ የልብሱ እጥፋት፣ የዓይኑ አቅጣጫ ሁሉ መግጠም አለበት። በማኅተም ካሸበረቀ የዋስትና ወረቀት ይልቅ ይህን እመኚ፤ ወረቀት ማንም ያትማል።

ዘመኑንም አስቢ፣ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እየነገርኩሽ ነው። ዲዝኒ በሴል ቀለም የጨረሰው የመጨረሻ ትልቅ ፊልም የ1989ኙ ዘ ሊትል መርሜይድ ነው፤ ከ1990 ወዲህ ቀለሙ በኮምፒውተር ሆነ። ስለዚህ የ1994ቱን ላየን ኪንግ «ፊልሙ የተነሳበት ሴል» ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ቢመጣ ሮጠሽ አምልጪ፤ እንዲህ ያለ ሴል የለም፣ ያለው ለሽያጭ ኋላ የተሠራ ነው። የእርሳስ ሥዕሎቹ ግን እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ሠዓሊዎቹ ያኔም በወረቀት ላይ ነበር የሚሥሉት። የጃፓኑ ስቱዲዮ ጊብሊም ቢሆን በ1999 ሙሉ በሙሉ በዲጂታል የተሠራ ፊልም አውጥቷል። ግሬንዳይዘር የተባለውን ካርቱን ከወደድሽ ከ1975 እስከ 1977 የታየውን ፈልጊ፤ ማንጋ ፕሮዳክሽንስ ከዚሁ ከሪያድ ሆኖ በ2024 ያወጣው አዲሱ ግሬንዳይዘር ሴል የለውም።

የድሮዎቹ ሴሎች ለምን ጥቂት እንደሆኑም ልንገርሽ። ስቱዲዮዎቹ ሥራቸው ካለቀ በኋላ ሴሉን አጥበው ደግመው ይሠሩበት ነበር፣ ያለዚያም እንደ ቆሻሻ ይጥሉት ነበር። የ1978ቱን የዓድናንና ሊና ሴል በርካሽ እየደረደረ የሚያሳይሽ ሰው ካለ እንግዲህ ጠርጥሪ። የኛው አገር ልጅ ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ በ2011 ያወጣው «ሂሳብ» የተባለው አኒሜሽን ደግሞ ጨርሶ የሚሰበሰብ ወረቀት የለውም። የአዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈሩትን የውሻ፣ የአህያና የፍየል ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ እየደራረበ ነው የሳለው፤ እያንዳንዱ ሥዕል በሚቀጥለው ሥዕል ተሸፍኗል። ይህን ሳስብ ከሌሎቹ ፊልሞች የተረፈች አንዲት ወረቀት ዋጋዋ ይገባኛል።

እኔን ካመንሽኝ በእርሳስ ሥዕል ጀምሪ። ብዙ ጊዜ ከሴል ይረክሳል፤ ሠዓሊው እያሰበ የሰረዘውና የደገመው መስመርም ፊት ለፊት ይታይሻል። ሌላው ምክንያቴ የዚህች ከተማ ሙቀት ነው። የአብዛኛው ሴል ላስቲክ ከአሲቴት የተሠራ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እየፈረሰ አሲድ ያወጣል። ሽታው የአቼቶ ነው። አንዴ ከጀመረ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል፣ አጠገቡ ወዳለውም ይተላለፋል፤ ስለዚህ አቼቶ የሸተተሽን ለብቻው ለዪው፣ አየር በማይገባው ዕቃም አትዝጊበት።

ሴል መግዛትሽ ካልቀረ ግን በዚህ አገር በጋ፣ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት፣ አታስልኪ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይምጣልሽ። ለአምስት ደቂቃ ብለሽ መኪና ውስጥ አትተዪው። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አትስቀዪው፣ መስመሩ ይደበዝዛል። ዶውጋው ከጀርባው ተጣብቆ ቢመጣ፣ እናቴ እባክሽ፣ አትላጪው፤ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። አሲድ የሌለው ወረቀት አልብሰሽ በጠፍጣፋ ሣጥን አስተኚው። አገር ቤት ለዕረፍት ስትሄጂ ኤሲውን የምታጠፊ ከሆነ እኔ ጋ አምጪው፣ የኔ ቤት ኤሲ አይጠፋም።

ገንዘቡን በተመለከተ ዋጋው ብቻ አያታልልሽ። ከውጭ ለምታስመጪው ዕቃ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ የመላኪያና የመድን ክፍያም ይጨመራል። ሁሉንም ደምረሽ ቁረጪ፤ ለእማማ የምትልኪውን ግን አትንኪ። በጨረታ ላይ ደግሞ ልብሽ ሲሞቅ እጅሽ ይፈጥናል፣ አውቅሻለሁ፤ ከፍተኛውን ዋጋ ቀድመሽ ጻፊና ካለፈ ለሌላው ሰው ልቀቂለት።

ለእያንዳንዱ ሥዕል የፊልሙን ስም፣ ክፍሉን፣ የሻጩን ስምና የገዛሽበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፊ፤ ሥዕሉ ላይ ግን በእርሳስም ቢሆን አትጻፊ። ጠቅልለሽ አገር ቤት የምትገቢ ቀን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል አድርጊና ከደብተሩ ጋር በእጅሽ ያዢው፤ ወደ ሻንጣ ክፍል አትስጪው።